ከዋርካዋ በታች

ቤታችን ዘጠኝ ልጆች ነበርን። ከዘጠኛችን በሬ ጠምዶ ማረስ የሚችለው የመጀመሪያው ወንድሜ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ቤተ ልሔም ሄዶ ዜማ ይማራል፤ ሦስተኛዋ እስቴ ተድራለች፤ ከእኔ በታች ያሉት አምስቱ ደግሞ ጥጃ ከመመለስ በቀር ለሥራ አልደረሱም። አባቴ እርሻቸውን የሚያስቡት በሁለት በሬና በአንድ ልጅ ነበር ማለት ነው። በሬዎቹን በመልካቸው ዳልቻና ቡሬ እንላቸው ነበር። ወንድሜ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እኔ አሥር።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ውርጭ ወረደ። ገብሱ ገና እሸት ይዞ ነበር። ጠዋት ስንነሳ ማሳው ላይ ዐመድ የተነፋበት መሰለ። አባቴ አንድ ዛላ ቀጥፈው በመዳፋቸው አሹና እፍ አሉበት፤ መዳፋቸው ላይ ምንም አልቀረም። "ገለባ ነው" አሉና ወደ ቤት ገቡ። ባቄላው ቁልቁለቱ ላይ ስለነበር ተረፈ። እሱንም ዝንጀሮ እንዳይጨርስብን እኔና ታናናሾቼ እስከ ኅዳር መጨረሻ ማማ ላይ ሆነን ወንጭፍ ስንወረውር ከረምን። እኛ ባቄላ በላን፤ ከብቶቹ ግን ውርጭ የመታውን ገለባ እያሸተቱ ይተዉት ነበር። የካቲት ሲገባ የዳልቻ የጎን አጥንት ከሩቅ ይቆጠር ጀመር።

እንዲህ ባለ ዓመት በእኛ አገር ከብት ወደ በሽሎ በረሃ ይወርዳል። እዚያ ገደሉ ሥር ሣር አይጠፋም። ደጋው በበልግ ዝናብ ለምለም እስኪለብስ ድረስ ሁለት ወር ያህል ይቆያል። አባቴ ራሳቸው እንዳይወርዱ ወገዳ ፍርድ ቤት የርስት ክርክር ነበረባቸው፤ በቀጠሮው ቀን ያልተገኘ ይፈረድበታል። ስለዚህ ወንድሜ ከብቶቹን ይዞ እንዲወርድ፣ እኔም ውሃ እየቀዳሁ ቂጣ እየጋገርኩለት እንድከተለው ተወሰነ።

"ሴት ልጅ በረሃ ትውረድ?" አለች እናቴ።

"ገና ምኗ ሴት ነው!" አሉ አባቴ። "ደግሞ ይቺ ዝምተኛ ናት፤ አታስቸግረውም።"

ወደ በረሃው መውረዱ ሁለት ቀን ወሰደብን። መንገዱ የፍየል መንገድ ነው፤ በአንድ በኩል ድንጋይ፣ በሌላው በኩል ባዶ። ወንድሜ ፊት ፊት እየሄደ ላሞቹን በየስማቸው ይጠራል፣ ለእኔም ይጮኽልኛል፦ "ወደ ታች አትዪ! የዳልቻን ቂጥ እያየሽ ነይ፤ ከሱ የተሻለ መንገድ መሪ የለም!" ወንዙን ስንሻገር የቡሬን ጅራት አስያዘኝ። "ከለቀቅሽ ዓሣ ነሽ" አለኝ። ውሃው እስከ ደረቴ ደርሶ ነበር፤ አለቀቅሁም። ማዶ ስንወጣ ቀሚሴን ጨምቆ ድንጋይ ላይ አሰጣልኝና መሬት በእንጨት ጭሮ የጣዝማ ማር አወጣ። ጣቱን ነክሮ መጀመሪያ ያቀመሰው እኔን ነው። ቤት ሳለን ከእሱ ጋር ሁለት ቃል ተነጋግሬ የማውቅ አይመስለኝም። በረሃ ከወረድን በኋላ ግን ወንድም እንዳለኝ አወቅሁ።

ከደረስን በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን ነው። ከምንጩ ውሃ ስቀዳ አንዲት ቆለኛ ሴት መጣች። ባሏ የሞተባት፣ በርበሬ እየተከለች የምትኖር ሴት ናት፤ ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ሰላም ብላኛለች። እንስራዬን አዝላኝ ስታበቃ ትከሻዬን ይዛ አቆመችኝ።

"ልጄ፣ ለወንድምሽ ንገሪው። ከብቱን ከዋርካዋ በታች እንዳያወርድ። ሣሩ አይን ይስባል፤ ግን ዝንብ አለበት። ሲነክሳቸው ምንም አይመስልም፣ ኋላ ነው የሚጨርሳቸው። አምና ሁለት ላም ቀብሬያለሁ። ሰማሽኝ?"

ራሴን ነቀነቅሁ።

ወደ ሰፈራችን ስመለስ ወንድሜ ብቻውን አልነበረም። ከእስቴ በኩል ፍየል ይዘው የወረዱ ሦስት ወጣቶች ተቀላቅለውታል። ሾላ ዛፍ ሥር ተቀምጠው በከብቶቻችን ክሳት ይስቁበታል።

"ይሄ በሬ ነው?" ይላል አንዱ ዳልቻን እያሳየ። "ነፋስ ሳይወስደው ድንጋይ እሰርበት እንጂ!"

"ለፋሲካ ቆዳውን ለከበሮ ሽጥልን፤ ሥጋውስ የለም" ይላል ሌላው።

ወንድሜ ይስቃል፤ ጆሮው ግን ቀልቷል። እንስራውን አወረድኩና ቆምኩ። እነዚያ ሦስቱ ዞረው አዩኝ። "እቺ ደግሞ የማናት? ታወራለች?" አለ አንዱ። ወንድሜ "ስትፈልግ ታወራለች" ብሎ መለሰልኝ። የሴትዮዋ ቃል አፌ ውስጥ ነበር። በሦስት የማላውቃቸው ወንዶች ፊት፣ ስለ ከብት፣ ለወንድሜ ምክር መስጠት አልቻልኩም። ሲሄዱ እነግረዋለሁ አልኩ።

ሲሄዱ ፀሐይ ጠልቃ ነበር፤ ወንድሜም ተናድዶ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ከብቶቹን አስነሥቶ ቁልቁል ነዳቸው። ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። ከኋላው ተከትዬ "ወንድምዬ" አልኩት።

"ምን?"

"ምንም።"

ዓይን አፋርነቴ ብቻ ነበር ብል ግማሹን መደበቅ ይሆንብኛል። ሌላም ነገር ነበር። ሣሩ በሳሳበት ገደል ላይ ከብት ሲያባርሩ መዋል ሰልችቶኝ ነበር፤ እግሬ ተሰነጣጥቋል። ከዋርካዋ በታች ያለው ሣር ጉልበት ይደርሳል። ከብቶቹ እዚያ ከገቡ አንገታቸውን ቀና እንደማያደርጉ፣ እኔም ተቀምጬ እንደምውል አውቄ ነበር። ዝንቡንም አየሁት፤ ግራጫ፣ ትልቅ ያልሆነ፣ ዳልቻ ሆድ ሥር የሚሰፍር። ወንድሜ በቅጠል ያባርረው ነበር። አምስት ሳምንት እዚያ ዋልን።

ሚያዝያ ላይ ስንመለስ ከብቶቹ ያብረቀርቁ ነበር። አባቴ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። ዳልቻን ጀርባውን መታ መታ አደረጉና "ከብት እንዲህ ነው የሚጠበቅ!" አሉ። ወንድሜን ሲያመሰግኑ ሰምቼ አላውቅም ነበር። በዚያ ሳምንት ውስጥ ስለ ሚስት መነጋገር ተጀመረ፤ ወንድሜ እንዳልሰማ ሆኖ እየወጣ ከደጅ ያዳምጥ ነበር።

ግንቦት ላይ የዳልቻ ፀጉር ቆመ። ይበላል፣ ይጠጣል፤ ግን በየቀኑ ይከሳል። ዓይኑ ያለቅሳል። ሽማግሌዎች መጥተው አይተው "ገንዲ ነው" አሉ፤ የበረሃ ዝንብ የሚያመጣው በሽታ። በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት እርሻው ሳይደገም ትልም ላይ ተንበረከከና አልነሳም አለ። አባቴ ቀንበሩን አወለቁለት። ነፍሱ ሳትወጣ ቢላዋ አምጡ አሉ።

ጊዜው የሰኔ ጾም ነው። ጎረቤት ሥጋውን ተከፋፍሎ በእህል እንዳይተካልን፣ በጾም የወደቀ በሬ ማን ይወስዳል? የወገዳ ነጋዴዎች እስላሞች ናቸው፤ የክርስቲያን ዕርድ አይበሉም። እናቴ እያለቀሰች ዘልዝላ ሰቀለችው። ቤቱ ሙሉ ቋንጣ ተንጠልጥሎ፣ እኛ ከሥሩ ተቀምጠን ባቄላ እየቆጠርን በላን። ከሰባት ዓመት በታች የሆኑት ብቻ መረቅ ጠጡ።

በዚያ ሰሞን አባቴ ወንድሜን አስቀምጠው ጠየቁት። እኔም ነበርኩ።

"የት ነው ያሰማራኸው?"

"ከዋርካዋ በታች።"

"ዝንብ እንዳለበት የነገረህ የለም?"

"የለም አባባ። ማንም።"

"ቆለኛ እንግዳ ከብት ወደዚያ ሲወርድ እያየ ዝም አለ?"

"አልነገሩኝም።"

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺስ? የነገራችሁ ሰው የለም?"

የለም በማለት ራሴን ወዘወዝኩ። ይህን ለማድረግ ድምፅ እንኳ አላስፈለገኝም።

አባቴን ያስቆጣቸው በሬው አልነበረም። ቆለኛን ያውቁታል፤ ባሕሉን ያውቃሉ፤ ሳይናገር አይቀርም። ስለዚህ ልጃቸው እንደዋሻቸው እርግጠኛ ሆኑ። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በንስሐ አባታችንና በሁለት ሽማግሌዎች ፊት አስማሉት። ወንድሜ በሩን ይዞ "የነገረኝ ሰው የለም፤ ብዋሽ ይፍረድብኝ" ብሎ ማለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። እኔ በሴቶች በኩል ከእናቴ ነጠላ ሥር ቆሜ ነበር።

ቄሱ "በቃ፣ ምሏል" አሉ። ለአባቴ ግን አልበቃም፤ ይልቁንም ባሰ። እዚያው ሰው ሳይበተን "በሬ ይተካል" አሉ። "በሐሰት የማለ ግን ከእኔ ጋር ከአንድ ሌማት አይቆርስም።"

ሐምሌን እንዲሁ ለብቻው በላ። ምግቡን ከጥጆቹ ወገን የማደርስለት እኔ ነበርኩ። ጾሙ ተፈትቶ ቋንጣው ሲሠራም የሱን ድርሻ በቁና ክዳን ይዤ እሄዳለሁ። "እንደ መኳንንት ለብቻዬ ይቀርብልኝ ጀመር፣ አየሽ?" ይለኛል። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ነሐሴ ላይ ሰሊጥ ሊያርሙ ወደ ሑመራ ከሚሄዱ ሰዎች ጋር ሄደ። ለእናቴ ብቻ ነገራት። የሚስቱ ነገርም እዚያው ቀረ።

አራሽ የሌለው፣ አንድ በሬ የቀረው ቤት የቀረነውን ስድስት ልጆች ሊያበላ አይችልም። አባቴ ከፊሉን መሬት በመጋዞ፣ ምርቱን ሊካፈሉ፣ ለሌላ አራሽ ሰጡ፤ ቡሬን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጁ። አፍ ለመቀነስ ደግሞ እኔ መካነ ኢየሱስ ከተማ ወዳለችው አክስቴ ተላክሁ። አክስቴ ውሃ እንድቀዳላት ነበር የፈለገችኝ፤ ቤቷ ግን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። እየቀዳሁ ተማርኩ። ከዚያ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ። ሰዎች እንዴት ከሲማዳ ገጠር አንዲት ሴት ልጅ እዚህ እንደደረሰች ሲጠይቁኝ "አክስት ነበረችኝ" እላለሁ።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ስሄድ ለአባቴ ለመናገር ወሰንኩ። አረም ላይ ነበርን፤ ሁለታችን ብቻ። እየነቀልኩ፣ ሳላያቸው ተናገርኩ።

"አባባ፣ ያን ጊዜ ሴትዮዋ ለእኔ ነግራኝ ነበር። ወንድሜ እውነቱን ነው የማለው።"

አባቴ ማረማቸውን አላቆሙም።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ከየት ሰሙ?"

"ሴትዮዋ ወገዳ ገበያ በርበሬ ይዛ መጥታ ነበር። 'በሬዎቹ ደህና ናቸው? ለትንሿ ልጅ ነግሬያት ነበር' አለችኝ። ትምህርት ቤት በገባሽ በዓመቱ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልጠሩትም?"

"ምን ብዬ ልጥራው? ልጄ እውነት ምሎ፣ እኔ በደጀ ሰላም በአገር ፊት አዋረድኩት ልበል?" ቀና ብለው ወገባቸውን ያዙ። "አንቺንስ ምን ላድርግሽ? ከትምህርት ቤት አውጥቼ እዚያው ደጅ ላቁምሽ? አንዱን አጥቻለሁ፤ ሁለት ልጣ?"

የነቀልኩትን አረም ወደ ድንበሩ ወረወርኩ።

"አብሮኝ አይቆርስም ያልኩትን ቃሌን አንስቻለሁ" አሉ። "ለንስሐ አባቴ ተናዝዤ፣ ንስሐውንም ተቀብዬ ጨርሻለሁ። ቆይቷል።"

"ለእሱስ ማን ነገረው?"

"በካህን ፊት ተነስቷል ነው የምልሽ።"

"እሱ ግን አያውቅም።"

"እግዚአብሔር ያውቃል" አሉና ወደ ሌላው ትልም ተሻገሩ። እናቴ እንዳትሰማ አደራ አሉኝ። እሷ አሁንም ልጇ በሐሰት ምሎ እንደሄደ ታምናለች፤ ስለዚህም በየዓመቱ ስለ እሱ ትጾማለች።

ከሑመራ የመጣ ሰው ወንድሜ በሕይወት እንዳለ፣ አንድ የሰሊጥ እርሻ ላይ የሠራተኞች አለቃ እንደሆነ ነግሮናል። ማንበብ አይችልም። የምጽፍለትን ደብዳቤ የእርሻው ጸሐፊ ሠራተኛ በተሰበሰበበት ጮክ ብሎ ያነብለታል። ይህን እያሰብኩ እስካሁን ሦስት ጽፌያለሁ። ሁሉም ስለ ጤናው ጠይቀው፣ የእኛን ደህንነት ነግረው፣ ስለ ዋርካዋ ሳያነሱ ያበቃሉ። አራተኛውን ትናንት ጀምሬ እስከ ሰላምታው መጨረሻ አድርሼዋለሁ።