እዚህ ብቻ ያለች ሸረሪት

ዱብቲ ውስጥ የቀሩ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ «ባለሸረሪቷ» ይሉኛል። ሲጀመር ስድብ ነበር። ያወጣልኝም የጥጥ እርሻው ዋና ጸሐፊ ነው፤ ከሥራ ያባረረኝ ዕለት፣ ሠራተኛው ለምሳ እስኪወጣ ጠብቆ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ። እኔም ስድቡን አልመለስኩለትም፤ ወስጄ ስሜ አደረግኩት። አሁን ሰመራ ውስጥ ቤቴን የሚፈልግ ሰው በዚያ ስም ነው የሚጠይቀው፤ ሳይሳሳት ይመጣል።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ ማብቂያ ነው። ያኔ ሰመራ የምትባል ከተማ አልነበረችም፤ ጥቁር ድንጋይና ነፋስ ብቻ ነበር። ሰው ያለው ዱብቲ ነበር፦ ጥጥ፣ ቦይ፣ የወባ ትንኝ፣ ከየአገሩ የጎረፈ ለቃሚ። እኔ ከደሴ የመጣሁት አክስቴ ዘንድ ነው። ሻይ ቤት ነበራት፤ ብርጭቆ እንዳጥብላት ነበር የጠራችኝ። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ብርጭቆ ስታጥብ አትኖርም ብዬ በሦስተኛው ወር ከእርሻው የተባይ ክፍል ገባሁ። ሥራዬ የጥጥ ፍሬ እየሰነጠቅኩ ውስጡ ያለውን ትል መቁጠር ነበር። አክስቴ «ኧረ በነቢ! ትል ለመቁጠር ነው የተማርሽው?» ብላ ሳምንት አኮረፈችኝ።

የክፍሉ ኃላፊ ፈረንጅ ነበር። ቀጭን፣ ፀሐይ የላጠው፣ አማርኛው ሦስት መቶ ቃል የማይሞላ፣ ግን ሰው የማይንቅ ሰው። አንድ ቀን ትሉን የሚበላልን ሸረሪት ነው፤ ስለዚህ ሸረሪቶቹን ለይተን እንወቃቸው አለ። እኔ ዓይኔ ፈጠጠ። እኛ ቤት ሸረሪት አይገደልም። ነቢያችን ዋሻ ውስጥ በተሸሸጉ ጊዜ የዋሻው አፍ ላይ ድሯን ዘርግታ ጠላት የመለሰች ናት፤ እናቴ ቤት ስትጠርግ እንኳ በመጥረጊያው ጫፍ አንስታ ነበር ውጭ የምታስቀምጣት። ጭራሽ ፈረንጁ የሚያስቀምጣቸው አልኮል ውስጥ ነው። ያዘዘው አልኮል ሲዘገይማ ከጠላ ቤት ደጋግመው ያወጡትን አረቄ ገዝቶ መጣ። ሐራም በሐራም ላይ! መጀመሪያ ሰሞን አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ፣ አስተግፊሩላህ እያልኩ ነበር የምሠራው። ቆይቼ ግን ወደድኩት፤ ምን ልዋሽ።

የወደድኩት መለየቱን ነው። ሌላው ሰው ሸረሪት ብሎ የሚያልፈውን እኔ በዓይን ብዛት፣ በዓይን አሰላለፍ፣ በጥፍር፣ በአኗኗር እለየው ጀመር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል፤ ያ ለድረኞቹ ነው። ድር የማትዘረጋ አለች፤ መሬት ቆፍራ፣ ጉድጓዷን ድር አልብሳ፣ አፉ ላይ ከአፈርና ከድር የሠራችውን መዝጊያ ገጥማ የምትኖር። መዝጊያው ማጠፊያ አለው፤ እንደ ሣጥን ክዳን ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከላይ ስታየው መሬት ነው። ሺህ ጊዜ ብትረግጠው አታውቀውም።

ያሳየችኝ አንዲት አፋር ሴት ናት። ለአክስቴ ሻይ ቤት ወተት የምታመጣ፣ በዕድሜ እናቴን የምታክል፤ እኔም እናቴ እላት ነበር። አማርኛዋ አጭር ነው፣ ነገሯ ግን ረጅም። የጠርሙሶቹን ወሬ ሰምታ «ነይ» አለችኝና ከእርሻው ጠርዝ ወዳለው የግመል ማደሪያ ወሰደችኝ። አጠገቡ በድንጋይ የተከመሩ የአባቶቿ መቃብሮች አሉ። ከመቃብሮቹ በስተምሥራቅ ተንበረከከችና በጣቷ አፈሩን ዳሰሰች። ከዚያ የእሾህ ጫፍ በመዝጊያው ጠርዝ አስገብታ ወደ ላይ ልታነሳው ሞከረች። መዝጊያው ብድግ ሊል አለና ተመልሶ ጥርቅም አለ።

«ከውስጥ ትይዘዋለች» አለችኝ። «በእግሯ። አትለቅም።»

ሁለት ዓይነት እንዳለም የነገረችኝ እሷ ናት። አንደኛዋ መዝጊያዋ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፤ የትም ትገኛለች። ሁለተኛዋ መዝጊያዋ እንደ ጠርሙስ ቡሽ የወፈረ ነው፤ እሷ እዚህ ብቻ ናት። ፈረንጁ ይህን ስነግረው አላመነም። እውነቱን ነው፣ በሰው ቃል አይታመንም። አዳይቱ ድረስ ሄደን ቆፈርን፤ እስከ ዲቾቶ ወጣን። የሳሳው መዝጊያ ሞልቷል፤ የወፈረው የለም። ተመልሰን የግመል ማደሪያው ላይ በአንድ ጠዋት አሥራ አንድ አገኘን። ለምን እዚያ ብቻ እንደሆነ አዋቂዎቹ የራሳቸውን ይበሉ። እኔ ግን የዘመናት የግመል ፋንድያ ከአዋሽ ወንዝ ደለል ጋር የተላቆጠበት አፈር ሌላ ቦታ የለም እላለሁ።

ፈረንጁ ሴቶቹን ሸረሪቶች ወደ አገሩ፣ ወደ አንድ አዋቂ ላከ። ከወራት በኋላ መልስ መጣ። ሸረሪቷ ከዚህ በፊት ያልተመዘገበች ትመስላለች፤ ነገር ግን ያለ ወንዱ አይወሰንም፣ ወንድ ላኩ ይላል። ዝርያው የሚለየው ወንዱ ከአፉ ሥር በያዘው ቡጢ መሳይ ነገር ነው። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ እንዲህ ይጠይቃል፦ ከአዋሽ የባቡር ጣቢያ በየት አቅጣጫ ነው የተገኘችው?

ፈረንጁ ሳቀ፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ። የባቡር ጣቢያው አዋሽ ከእኛ የቀናት መንገድ ነው። ስህተቱን የሠራው የዋና ጸሐፊው ማኅተም ነበር። ወደ ውጭ የሚሄድ የጥጥ ናሙና ሁሉ «አዋሽ» የሚል ትንሽ ማኅተም ይመታበታል፤ ጥጡ የሚታወቀው በወንዙ ስም ነው። ጸሐፊው የሸረሪቶቹንም ወረቀት በዚያው ማኅተም መታው። ማኅተም ያልተመታበት ነገር ለእሱ አልተፈጠረም። የፈረንጁ አገር ሰውዬ ደግሞ ካርታ ሲገልጥ ያገኘው አዋሽ የባቡሩን አዋሽ ነው።

«ወንዱን ስንልክ እናርመዋለን» አለኝ ፈረንጁ። ወንዱ ግን በፈለግነው ቀን አይመጣም። ከጉድጓዱ ወጥቶ የሚሄደው የካርማ ዝናብ፣ የአፋር ክረምት፣ ሲጥል ብቻ ነው። ካርማ ሳይገባ ፈረንጁን ወባ ጣለው፤ ወደ አስመራ ወሰዱት፣ ከዚያም ወደ አገሩ። ሲሄድ እንዲህ አለኝ፦ «በእርሳስ ጻፊ። ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል። እርሳስ አይሟሟም።» ሌላ ኑዛዜ አልተወልኝም።

በዚያው ሰሞን የግመል ማደሪያው ሊታረስ ነው ተባለ። እርሻው ቢሮ የተሰቀለውን ካርታ አይቼዋለሁ፤ ቦታው ላይ «ባዶ መሬት» ተብሎ ተጽፏል። ለአፋሯ ሴት የነገርኳት እኔ ነኝ፤ መቼም ከሌላ ከምትሰማ ብዬ። ወተቷን አስቀመጠች።

«ባዶ?» አለች። «ግመሌን አልጻፉም። አባቴ እዚያ ተኝቷል፤ እሱንም አልጻፉም። እንግዲያው ሸረሪቷን ጻፊያት።»

ወላሂ፣ እጽፋታለሁ አልኳት። ወላሂ ብዬ ምዬ ደግሞ ወደ ኋላ የለም።

የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ በማግስቱ ጠዋት እሷው ናት ወንዱን የጣሳ ክዳን ውስጥ ይዛልኝ የመጣችው። ቀጭን ነው፣ እግረ ረጅም፣ ቡጢዎቹን ወደ ፊት የዘረጋ። አንድ ብቻ። ቢስሚላህ ብዬ፣ ይቅርታውን ጠይቄ ጠርሙስ ውስጥ ጨመርኩት። ማኅተም የተመታበትን ወረቀት ጸሐፊው ራሱ ሰጥቶኝ ስለነበር አስገባሁት። ከጎኑ የራሴን አስገባሁ፣ በእርሳስ፦ «ዱብቲ። የግመል ማደሪያው፣ ከመቃብሩ በስተምሥራቅ። እዚህ ብቻ።» ቡሹን ወትፌ ሰም አፈሰስኩበት።

ጸሐፊው ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም ዘመድ ሲሞትብኝ አስተዛዝኖኛል። ግን ወረቀት ይፈራ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የተገኘበት ቦታ ነው፣ ጌታዬ።»

«ቦታው ማኅተሙ ላይ አለ። የምን ማደሪያ፣ የምን መቃብር ነው? ካርታው ባዶ ነው ይላል፤ አንቺ ከካርታ ልታጣይኝ ነው? ደግሞስ በእርሳስ! እርሳስ የሕፃን ነው። አውጪው።»

«አላወጣም።»

«ምን አልሽ?»

«አላወጣም፣ ጌታዬ። ሸረሪቷ አዋሽ ጣቢያ የለችም። ውሸት ከሆነ እርስዎ ይክፈቱትና ያውጡት።»

ጠርሙሱን ወደ እሱ ገፋሁለት። ፊቱን አየሁት። ያ ሁሉ ሠራተኛ የሚርድለት ሰውዬ ሸረሪት ይፈራል! የሞተ ሸረሪት! እጁን ወደ ቡሹ ዘርግቶ መለሰው። ተላላኪውን ጠራ፤ ተላላኪው «እኔ አልነካም፣ መርዝ ነው» ብሎ ወደ በሩ አፈገፈገ። መሳቅ አልነበረብኝም፤ ሳቅኩ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ» አለ፣ ጥርሱን ነክሶ።

«እንግዲህ ጌታዬ፣ ሞኟም ወረቀቱም እዚህ ነን» አልኩት።

በዚያው ቀን ተባረርኩ። ጠርሙሱ ግን ሳይከፈት ሄደ፤ የተከፈተው ፈረንጅ አገር ሲደርስ ነው። አብሮ የሄደው ዝርዝር ላይ ጸሐፊው በታይፕ አዋሽ ብሎ እንደጻፈ በኋላ ሰማሁ። ማታ አክስቴ ብርጭቆዎቹን ፊቴ ደርድራ «አብሽሪ፣ እነዚህ አያባርሩሽም» አለችኝ። አልቅሼ አጠብኳቸው። ንዴት እንጂ ጸጸት አልነበረም።

የግመል ማደሪያው ታረሰ። መቃብሮቹን ግን የትራክተር ሾፌሮቹ ፈርተው ዙሪያቸውን ትተው አለፉ። አፋሯ ሴት ግመሎቿን ይዛ ወደ ላይ ሄደች። ሁለት ካርማ ወተት ይዛ መጣች፤ በየመጣችበት የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ጻፉ?» አላውቅም እላታለሁ። ሦስተኛው ካርማ ላይ አልመጣችም። መልስ ሳልሰጣት መቅረቷ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን ሻይ በማፍላት አሳለፍኩት፤ ዱብቲ፣ ቀጥሎ ሎጊያ፣ አሁን ልጄ የምትሠራበት ሰመራ። ጉልበቴ ሲደክም ነው አንድ ወጣት ተመራማሪ ከአዲስ አበባ መጥቶ በሬን ያንኳኳው። ሸረሪት የሚያውቅ ሰው ሲፈልግ ዱብቲ ላይ አንድ ጡረተኛ ዘበኛ ነው «ባለሸረሪቷ» ብሎ የጠቆመው።

«እማማ» አለኝ፣ «አዋሽ ተገኘች ተብላ ለተመዘገበችው ሸረሪት ጣቢያው ዙሪያ ሁለት ዓመት ቆፈርኩ። የለችም። አዋቂዎቹ መዝገቡ ስህተት ነው፣ ትሰረዝ እያሉ ነው። እስቲ ይህን ይዩልኝ።»

ስልኩ ላይ ፎቶ አሳየኝ። ጠርሙሱ ውስጥ የነበሩት ሁለት ወረቀቶች ናቸው። የማኅተሙ ቀለም ሟሙቶ ወረቀቱን ሐምራዊ አድርጎታል፤ አንድም ፊደል አይለይም። የእኔው ግን ትናንት የጻፍኩት ይመስላል። የልጅነት የእጅ ጽሑፌ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ፈረንጆቹ አማርኛ የሚያነብ ሰው ስላልነበራቸው ማንም አላነበበውም።

«አንብበኸው ነበር?»

«አንብቤ ነው የመጣሁት። ዱብቲ ላይ ግን የግመል ማደሪያ የሚያውቅ ሰው አጣሁ።»

«እኔ አውቃለሁ» አልኩት። ሻሼን አስሬ ወጣሁ።

ጥጡም እንደ ድሮው አይደለም፤ እሾህ ወርሶታል። የአፋሯ ሴት አባቶች መቃብሮች ግን አሉ። ከምሥራቃቸው በኩል ትራክተር ያልነካው ቁራጭ መሬት አለ፣ ከአንድ ቤት ወለል የማይበልጥ። ልጁ ደግፎኝ ተንበረከክኩ። መጀመሪያ ምንም አላገኘሁም፤ ልጁ ሰዓቱን ሲያይ አየሁትና «ዝም ብለህ ቁም» አልኩት። ጣቴ የለመደውን ክብ ሲያገኝ ከሻሼ መርፌ ነቅዬ ጫፉን አስገባሁ። መዝጊያው ብድግ ሊል አለ። ከዚያ ከውስጥ ተሳበና ጥርቅም አለ።

ልጁ ጮኸ። እኔ ያለቀስኩ ይመስለኛል፤ አልሐምዱሊላህ አልኩ። እሱ ወዲያው ቦርሳውን ከፍቶ ጠርሙስና መቆፈሪያ አወጣ። እጁን ያዝኩት።

«መጀመሪያ ጻፍ።»

እስክሪብቶ አወጣ።

«በእርሳስ።»

ከቦርሳው እርሳስ ፈልጎ ጉልበቱ ላይ ጻፈ፤ እኔ እየነገርኩት፣ ከድሮው ቃል አንዱንም ሳልቀንስ። አንብበው አልኩት። አቀርቅሮ አነበበልኝ፦ «ዱብቲ። የግመል ማደሪያው፣ ከመቃብሩ በስተምሥራቅ። እዚህ ብቻ።»

«ለእኔ አይደለም» አልኩት። «ወደዚያ ዙርና ጮክ ብለህ ድገመው።»

ወደ መቃብሮቹ ዞሮ ደገመው።