ዝናብ ላይ የተጣለው በርጩማ

ባለፈው ሳምንት ቀሐ ሰፈር ለቅሶ ልደርስ ሄጄ፣ አንዲት ሴትዮ የተቀመጡበት የፕላስቲክ ወንበር እግሩ ተሰንጥቆ ዘፍ አሉ። «የዛሬ ዕቃ!» አሉ አጠገቤ የነበሩ አዛውንት። እኔ ግን ከዕቃው ይልቅ አንድ ሰው ትዝ አለኝና አፌ መረረኝ።

ጎንደር የዕቃ ንድፍ በምማርበት ጊዜ፣ መምህራችን ዕድሜ ልክ የሚያገለግል የቤት ዕቃ ሠርታችሁ አምጡ አለን። ጓደኞቼ አዲስ ጣውላ ሲያማርጡ እኔ አምባ ጊዮርጊስ ወጣሁ። እዚያ የአያቴ ቤት ፈርሶ ነበር። አጎቴ አያ ደርሶ የገብስ ቆሎ እየዘገኑልኝ፣ «ምነው ልጄ፣ ከተማው ሸጋ ጣውላ ሞልቶት ይህን ጥላሸት?» አሉኝ። ጢስ ያጠቆረውን የወይራ ምሰሶ ግን ራሳቸው አውቶቡሱ ላይ አስጫኑልኝ።

ስፍቀው መዓዛው ክፍሉን ሞላው። ያለ አንድ ምስማር፣ በእንጨት ሽብልቅ ብቻ አያይዤ በርጩማ ሠራሁበት።

መምህሩ በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው። «ይህ ማገዶ ነው። አንቺም እንጨት ለቃሚ ነሽ!» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

«መምህር፣ ከእኔም ከእርስዎም በኋላ ይኖራል» አልኩት።

«እንግዲያው ክረምቱ ይፍረድ!» ብሎ በመስኮት ወደ ግቢው ወረወረው። እኔንም በትምህርቱ ጣለኝ።

ላነሣው እችል ነበር። እልህ ያዘኝና እዚያው ተውኩት። ክረምቱን ሙሉ፣ በረዶ ሲደበድበው፣ ጭቃ ሲውጠው፣ ጥርሴን ነክሼ በአጠገቡ አልፍ ነበር። መስከረም ላይ ጠረግ ሳደርገው ትንሽ ጠቁሯል እንጂ አልተሰነጠቀም፣ አልተነቃነቀም።

በጥቅምት ትምህርት ቤቱን የሚጎበኙ እንግዶች መጡ። ትምህርቱን እየደገምኩ ነበርና ከኋላ ቆሜያለሁ። ግቢው ውስጥ የተውኩት በርጩማዬ ተወልውሎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። «ከፍርስራሽ ዘላቂ ዕቃ እንዲሠሩ ተማሪዎቼን ያስተማርኩበት ነው» አለ መምህሩ። ተጨበጨበለት።

ሄጄ አነሣሁት። «ማገዶዬን ልውሰድ።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ በጥርሱ መሀል፣ «አስቀምጪው፤ አልፈሻል» አለኝ።

«እንግዲያው ያሳልፉኝ!» አልኩና በእንግዶቹ መሀል ሰንጥቄ ወጣሁ።

ዲፕሎማውንም በዚያው ሳላገኝ ቀረሁ። እንጀራዬን ግን በእንጨት ሥራ በላሁ።

መምህሩን ዛሬ እርጅና አጉብጦት አንዳንዴ ደብር ደጃፍ አየዋለሁ። የንስሐ አባቴ ነገሩን ያውቃሉና፣ «ይቅር በዪው» ይሉኛል። «እርሱስ ይቅርታ ጠይቆኝ ያውቃል?» እላቸዋለሁ። ሰው ተቆጥቶ ቢሰድብ፣ ስድብ ያልፋል፤ እኔም ከረሳሁት ቆየሁ። ጭብጨባውን ግን አልረሳሁም። እንድረሳውም አልጸልይም።