ሳይቀና የቀረ እጅ

ሲስተር በላይነሽ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ አረፉ። ካዛንቺስ በሚገኘው ክሊኒካችን የሕፃናትን እጅና እግር ሲያሹ፣ ጀሶ ሲያስሩ የኖሩትን እኚህን ሴት ለምታውቁ ሁሉ መርዶው ደርሷችኋል። ስለ ደግነታቸው ሌሎች ይጽፋሉ። እኔ ግን ለዓመታት ስቀናባቸው ስለኖርኩ፣ ይህን ደብቄ ባወድሳቸው ውሸት ይሆንብኛል።

የአጥንት ሐኪም ሆኜ ስቀጠር ወጣት ነበርኩ። እናቶች ከሜክሲኮ፣ ከሰንጋ ተራ ልጆቻቸውን አዝለው ይመጡና የእኔን በር አልፈው እሳቸው ዘንድ ይሰለፋሉ። «ዶክተሩ ይዩልሽ» ሲባሉ እንኳ «መጀመሪያ ሲስተር ይዩልኝ» ይላሉ። ጋውኔን ለብሼ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ ሳቃቸውን በግድግዳው በኩል እሰማ ነበር። ያንገበግበኝ ነበር።

አንድ ቀን ሃያት የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ከአባቷ ጋር መጣች። ከክንዷ አጥንቶች አንዱ ጎድሎ ስለተወለደች ቀኝ እጇ ከአንጓው ወደ አውራ ጣቷ በኩል ታጥፏል። «ሕፃን ሳለች ቢሆን በማሸትና በጀሶ እናለሰልሰው ነበር፤ አሁን ኦፕራሲዮን ነው የሚያቀናው» አልኩ። አባትየው ደስ አለው፤ ቀን ቆረጥን። የእኔ ደስታ ግን ለልጅቷ ብቻ አልነበረም። ይህችኛዋ የእኔ ናት ብዬ ነው።

ሲስተር ገቡ። ልጅቷን ትንሽ አዩዋትና ከኪሳቸው ቁራሽ ዳቦ አውጥተው «እንኪ ሃያትዬ፣ በዚህኛው እጅሽ ብዪ» አሏት። ጎረሰች። ክርኗ አልታጠፈም። በጥድፊያዬ ክርኗን አልፈተሽኩትም ነበር። እጇ አፏ የሚደርሰው አንጓዋ ስለታጠፈ ብቻ ነው፤ ባቀናው ኖሮ በዚያ እጇ መቼም አትጎርስም ነበር።

ፊቴ ጋለ። እሳቸው ግን ወደ አባትየው ዞረው «ዶክተርና እኔ ተመካክረን፣ ኦፕራሲዮኑ ይቅርባት ብለናል» አሉ።

ብቻችንን ስንቀር «ለምን እንዲህ አሉ?» ብዬ ተቆጣሁ።

«ታዲያ ምን ልበል? ነገ ሲመለስ እርስዎን ማመን የለበትም?»

ማመስገን ሲገባኝ የባሰ ቀናሁ። እውቀታቸውን ተምሬ እደርስበት ይሆናል፤ ያንን ልብ ግን ከየት አመጣዋለሁ? ወሬው ተሰምቶ ሰዎች «ለመቅደድ የማይቸኩል ሐኪም» እያሉ ሲያመሰግኑኝ፣ ምስጋናውን ዝም ብዬ ወሰድኩ።

ሲስተር፣ ምስጋናው ለእርስዎ የሚገባ ነበር። ትናንት ቀብርዎ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያለቅስልዎት ቆሜ ሳይ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ እንደገና ቀናሁ። በሕይወት ሳሉ ልነግርዎት አንደበት አጣሁ። ይቅር ብለውኝ ይሂዱ።