የደምመላሽ ደጋፊዎች

ጎረቤቴ ደምመላሽ በዞኑ አንድ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነው፤ የምን ባለሙያ እንደሆነ መሥሪያ ቤቱም የሚያውቅ አይመስለኝም። በአረቄ ግን ሙያው አያጠራጥርም ነበር። ሚስቱ ሰብለወንጌል ቻለች፣ ቻለች፣ በመጨረሻ ልብሷን ጠቅልላ ጉና ሥር ወላጆቿ ቤት ገባች። «መጠጥ ካልተውክ አልመለስም» አለችው። እሷ ደግሞ ያለችውን ታደርጋለች።

ደምመላሽ ደነገጠ። ጸበል ይገባል ስንል፣ በስልኩ የአዲስ አበባ አማካሪ ያዘ፤ ስርጉት የምትባል ልጅ እግር የሥነ ልቦና ባለሙያ። በየሳምንቱ ኮቱን ደርቦ፣ እግሩን በጋቢ ጠቅልሎ፣ በቪዲዮ ይቀርብላታል። አይዋሽም፣ አረቄውን እርግፍ አድርጎ ተወ። «መጠጥ ቀመስክ?» ስትለው «ኧረ በፍጹም!» ይላል። ጠላ እንደሆነ እኛ አገር እህል እንጂ መጠጥ ተብሎ አያውቅም።

አንድ ቀን ስርጉት «በሚቀጥለው ቀጠሯችን የሚደግፍህ ሰው አጠገብህ ይኑር፤ ባለቤትህም በስልኳ ትግባ» አለችው። ደምመላሽ ሚስት ለመመለስ ከሽማግሌ ሌላ ደጋፊ አያውቅም። የጽዋ ማኅበሩን ሰዎች በሙሉ ጠራ። ሽማግሌ ጠርቶ ጉሮሮውን ማድረቅ ነውር ነውና፣ እህቱ ዘነበች ጋን ሙሉ ጠላ ጠመቀች።

በቀጠሮው ቀን ስልኩን መሶብ ላይ አቁመው ከበቡት። እኔም ከኋላ ተቀመጥኩ፤ እንዲህ ያለውማ አያመልጠኝም። የማኅበሩ አንጋፋ አቶ ጌጡ ዋንጫቸውን ይዘው ተነሡ።

«ልጃችንን ከመጠጥ ያላቀቀ አምላክ ይመስገን!»

«አሜን!» ብለን ጨለጥን። ደምመላሽም ጨለጠ፤ የምርቃት ዋንጫ ይመለሳል እንዴ?

ስርጉት «ደምመላሽ፣ የያዝከው ምንድን ነው?» አለችው።

«ጠላ ነው» አለ፣ ሳያፍር። «መጠጥ እንዳይመስልሽ።»

አቶ ጌጡ አዘኑላት። «ምነው ልጄ፣ አንቺ ባዶ አፍሽን?»

ይኼኔ ነው በስልኩ ጥግ የምትታየውን ሰብለወንጌልን ልብ ያልናት። ለካ ወላጆቿ ቤት አይደለችም። ሻንጣዋን ታቅፋ ባጃጅ ውስጥ ናት፤ ከኋላዋ የሰፈራችን ወፍጮ ቤት ይታያል። ሳትነግረው ወደ ቤቷ እየመጣች ነበር። ዋንጫዬን ቀስ ብዬ ከኋላዬ ደበቅኩ።

አልተሳደበችም። «አባባ፣ ይጫወቱ» አለቻቸው አቶ ጌጡን። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞረች።

«ወንድሜ፣ አዙረውና ወደ መናኸሪያ መልሰኝ።»