ከመሰላ መንገድ ያመጣነው ድንጋይ

ያን ሰሞን ከእኔ ጋር ተቀምጦ ሳይጣላ የሚነሳ ሰው አልነበረም። ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል ትቻለሁ። አስተማሪው «አባትህን ይዘህ ና» ሲለኝ «አባቴ ከሞተ ቆየ፣ ከፈለግክ አንተ ሄደህ ጥራው» አልኩት፤ በዚያው ቀረሁ። ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሶስት ዓመት ሲቀረው ነው፣ ግን ያኔ ይወድቃል ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

ወንድሜ ከተወሰደ ሁለት ክረምት አልፎታል። በቀን፣ ሰው እያየ ነው ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ከሂርና መኪና ላይ ያወረዱት። ለወንበዴ ስንቅ ያቀብላል አሉ። ስንቅ ያሉት ለአክስቴ ሊያደርስ የያዘው አንድ ከረጢት ማሽላ ነው። ቀበሌ ስንሄድ እኛ ጋ የለም፣ ፖሊስ ስንሄድ እኛ ጋ አልመጣም። በመጨረሻ አንድ ዘበኛ እናቴን «ከእንግዲህ ምሳ አታመላልሺ» አላት። የነገሩን ይሄን ብቻ ነው።

እናቴ አልጮኸችም። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፣ የት እንዳደረጉት ማወቅ። ቀብሩ ጋ ቁጭ ብላ ፋቲሃ ልትቀራለት። «መሞቱን ንገሩኝ አላልኩም፣ እሱን አውቄዋለሁ፤ የት ነው?» ትላለች። ጎረቤት ትጠይቃለች፣ ጫት ነጋዴ ትጠይቃለች፣ መኪናውን ለማጠብ የቆመ ሹፌር ትጠይቃለች። እኔ ደግሞ ከኋላዋ እየሄድኩ ዝም ያላትን ሁሉ እሰድባለሁ። ስራዬ ይሄ ነበር።

ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ አለች፣ ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። ቤተሰቦቿ ከጉራጌ መጥተው ሱቅ የከፈቱ ናቸው፣ እሷ ግን እዚሁ ጭሮ ነው የተወለደችው፤ ኦሮምኛዋ ከእኔ የጠራ ነው። ወጣት እየመጣ ራሴን አመመኝ፣ ሆዴን አቃጠለኝ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ይላታል። ስታየው ምንም የለበትም። አንዱ ወንድሙ ዘምቶ ቀርቷል። አንዱ ራሱ ከግንባር ተመልሶ በር ሲጋጭ መሬት ላይ ይተኛል። አንዱ አፈሳ ፈርቶ ዓመት ሙሉ ቆጥ ላይ ኖሯል። እኔ የሄድኩት ግድግዳ በቡጢ መትቼ ነው። እጄን እየጠቀለለች፣

«ግድግዳው ምን አደረገህ?» አለችኝ።

«ሳናግረው ዝም አለኝ።»

«ከግድግዳ ጋር ጉዳይ ካለህ የሚሰራ ግድግዳ አለ። ነገ ጠዋት ከገበያው በላይ ና።»

የሚያሰሩት አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ናቸው። የመቻራ ሰው ናቸው፣ ጭሮ ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም፤ ቀኝ እጃቸው ላይ ሁለት ጣት የለም። አባ እንላቸዋለን። ያኔ ወጣት ሰብስቦ «ምን ሆናችሁ?» ብሎ መጠየቅ ራስን ማሳሰር ነው። ስለዚህ እሳቸውና ሲስተር መክረው፣ ጎርፍ የሚመልስ ግንብ በወጣት ጉልበት እንስራ ብለው ቀበሌ አመለከቱ። ሊቀመንበሩ ልማት የሚል ወረቀት ካየ ሳያነብ ማህተም ይመታል። ጎርፉ ደግሞ ውሸት አይደለም፣ በየክረምቱ ከተራራው እየወረደ የሰው ጓዳ ይገባል።

ደንባቸው ትንሽ ነው። ጠዋት ድንጋይ በባሬላ እናመላልሳለን። ባሬላ ማለት ሁለት ረጅም እንጨት ላይ ጣውላ ተመትቶ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ የሚይዘው ነው። ረፋድ ላይ ሲስተር ከጤና ጣቢያ ብቅ ትልና ሆጃ ትቀዳልናለች፣ የቡና ገለባ በወተት የተፈላ። እሱን እየጠጣን አንድ ሰው ይናገራል፣ የፈለገውን። ሌላው አይመልስም፣ አይመክርም። አይዞህ ማለትም ክልክል ነው። «አይዞህ ስትሉት ያቆማል፣ ተዉት ይጨርስ» ይላሉ አባ።

መጀመሪያ ሳቅኩባቸው። ሶስተኛው ሳምንት ላይ ስለ ማሽላው ከረጢት ተናገርኩ። ማንም አይዞህ አላለኝም። ቀለለኝ ብል ውሸት ነው፣ ግን ያን ቀን ቤት ገብቼ አልተጣላሁም።

ከዚያ እሱ መጣ።

የቀበሌ ጥበቃ የነበረ ነው። ወንድሜን ከመኪናው ካወረዱት ሁለቱ አንዱ። ከአለቆቹ ጋር ተጋጭቶ ጠመንጃውን ወስደውበታል፣ ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤት ሲገባ ሰው ብርጭቆውን ይዞ ይነሳል። ሲስተር ናት ያመጣችው። አባ ደግሞ ሰው የሚያጣምሩት በቁመት ነው፤ ቁመት ካልገጠመ ባሬላው ያዘነብልና ሸክሙ አጭሩ ላይ ይወድቃል። እሱና እኔ ልክ እኩል ነን።

«አንተና አንተ» አሉ።

«ከዚህ ጋር አልይዝም። ውሻ ይስጡኝ፣ ከውሻ ጋር እይዛለሁ።»

«ውሻ ባሬላ አይዝም። ያዝ።»

«ይሄ ማን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«ቁመቱን አውቃለሁ።»

ሲስተር አጠገባችን ቆማ ነበር። ቀና አላለችም።

ኋላውን እኔ ያዝኩ፣ ማጅራቱን እያየሁ ልሄድ። በሁለተኛው ቀን ቁልቁለቱ ላይ ሆን ብዬ ገፋሁት። አንድ ድንጋይ ተንሸራቶ ተረከዙን ቀጠቀጠው። ቁጭ አለና ደሙን እያየ፣ ቀስ ብሎ፣ «አዳልጦኝ ነው በላቸው፣ ይጠይቁሃል» አለኝ።

እኔ ከእሱ ውሸት ልበደር? «ሆን ብዬ ነው» አልኩ፣ ሁሉም እየሰማ። ለምን እንደሆነም ተናገርኩ።

አባ ወደ ሲስተር ዞሩ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አውቀሽ እኔ ሳጣምራቸው ዝም አልሽ? እኔ በሬ ስጠምድ እንኳን ይዋጋል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።»

«ተሳስቻለሁ፣ አባ።»

አለቃ የሆነ ሰው ተሳስቻለሁ ሲል ያን ቀን ነው የሰማሁት። እኛ የምናውቃቸው አለቆች ሲሳሳቱ ሌላ ሰው ይታሰራል።

አባ መዶሻቸውን አስቀመጡና ወደ እኔ መጡ። «ላሰናብተው? አንተ በል።»

ሰው ሁሉ ያየኛል። አፌ ላይ የነበረው «አዎ» ነው። ግን ከሄደ፣ እናቴ ሁለት ዓመት የዞረችበት ጥያቄ አብሮት ይሄዳል።

«ይቆይ» አልኩ። «የምጠይቀው አለኝ። የት እንዳደረጉት።»

እሱ ተረከዙን ይዞ መሬት መሬት ያያል።

በማግስቱ ሆጃው ሲቀዳ ተራውን ሲስተር ወሰደችው። «ዝም ያልኩት ስለፈራሁ ነው» አለች። «ይሄ ልጅ ሁለት ጊዜ ራሱን ሊያጠፋ ሲል ደርሰንበታል። ለአባ ብነግራቸው አይቀበሉትም፣ ከመለሱት ደግሞ ሶስተኛው ጊዜ አይቀርም ብዬ ነው። የእሱን ሳስብ የዚህኛውን ረሳሁ።» የዚህኛው ያለችው እኔን ነው። የምመልሰው ሞልቶኝ ነበር፣ ምላሴ ስር ሰባት ስድብ ተሰልፏል። ግን መመለስ ክልክል ነው። ሆጃዬን ጠጣሁ። ያን ቀን ደንቡን ጠላሁት።

እሱ በአራተኛው ቀን እያነከሰ መጣ። ባሬላውን አነሳን። አቀበቱ ላይ ከኋላው ሆኜ ጠየቅኩት።

«የት ነው?»

ሳይዞር ነው የመለሰልኝ። «እኔ እሱን የወሰደው መኪና ላይ አልወጣሁም። በማግስቱ ግን ዶማና አካፋ ረስተናል፣ ሂድ አምጣ ብለውኝ ሄጃለሁ። ዶማውን ያነሳሁበትን ቦታ አውቀዋለሁ። በመሰላ መንገድ ነው።»

«ለምን እስከዛሬ አልነገርከንም?»

«ማን ጠየቀኝ? እናትህ አላፊ አግዳሚውን ስትጠይቅ እኔን ዘላኝ ነው የምትሄደው።»

«ብትጠይቅህስ ትናገር ነበር?»

ትንሽ ሄድን። «ያኔ? አልናገርም ነበር» አለ።

ይሄን እንኳን ቢዋሽ ኖሮ ባሬላውን እለቅበት ነበር።

እዚያ ቦታ ዝም ብሎ መሄድ አይቻልም። የታየ ሰው ምን ልታደርግ ሄድክ ይባላል። አባ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄዱና የዚህ ሰፈር ድንጋይ ይፈረፈራል፣ ደህና ድንጋይ ያለው በመሰላ መንገድ ነው አሉ። ማህተም። ሐሙስ ጠዋት አራት ባሬላ ይዘን ወጣን። እናቴ የሆጃውን ጀበና አቅፋ ከሲስተር ጋር ከኋላ ትከተላለች፣ ለሚያያት የሰራተኛ ቁርስ የያዘች ሴት ናት።

መንገዱን ለቀን ቁልቋሉን አልፈን ስንወርድ ድንጋያማ ተዳፋት አለ። እሱ ቆመ። መጀመሪያ በእግሩ ሊያሳይ ነበር፣ እግሩን መለሰና በእጁ አሳየ። እናቴ ጀበናውን አስቀምጣ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። መዳፏን ዘረጋች። አባ መዶሻቸውን ይዘው ድንጋይ የሚመርጡ መስለው ኳ ኳ እያደረጉ፣ ከንፈራቸው ግን ፋቲሃ ይቀራል። ሲስተር ነጠላዋን ራሷ ላይ አድርጋ ቆመች። ጫት የጫነ አህያ የሚነዱ ሁለት ሰዎች ከላይ ሲያልፉ ጎንበስ ብለን ድንጋይ አነሳን።

እናቴ ጨረሰችና ወደ እሱ ዞረች። እኔ ትረግመዋለች ብዬ ጠብቄያለሁ፣ እውነቱን ለመናገር እንድትረግመው ጓጉቻለሁ።

«ስንት ናቸው?» አለችው።

«ሶስት።»

«እሺ» አለች። ዞረችና ለቀሩት ለሁለቱ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

ባሬላ ባዶውን ቢመለስ ነገር ይመጣል። ድንጋይ ሞልተን ተመለስን።

በማግስቱ ጠዋት አባ አንዱን ድንጋይ አንስተው አገላበጡት፣ መዶሻውን ከፍ አደረጉ፣ መልሰው አወረዱት። ቁጭ አሉ።

«ይሄን ድንጋይ ማነው ያስመጣው?»

«እርስዎ ነዎት፣ አባ» አልኩ።

«ከሰው ራስጌ የተነሳ ድንጋይ ግንብ ውስጥ አላስገባም። ወላሂ አላስገባም።»

«ትላንት ለምን አላሰብነውም?» አለች ሲስተር።

«አንቺስ ለምን አላሰብሽም?»

«እኔ ነርስ ነኝ፣ ድንጋይ አላውቅም።»

«እኔ ድንጋይ ነው የማውቀው፣ ነገር ማሰብ ያንቺ ነው።»

ቆጥ ላይ የኖረው ልጅ ሳቀ። ሲስቅ ሰምተነው አናውቅም፤ ሁለቱም ጭቅጭቃቸውን ትተው እሱን ያዩት ጀመር። እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ድንጋዩን መልሰን ጫንን። ከከተማው ሳንወጣ ሊቀመንበሩ መንገድ ላይ ያዘን።

«ትላንት ወደዚህ፣ ዛሬ ወደዚያ። ድንጋዩ ዘመድ ጥየቃ ነው እንዴ የሚሄደው?»

አባ መዶሻቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ፤ ድንገተኛ ውሸት አይችሉበትም። ከፊቴ ባሬላውን የያዘው እሱ ነው፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እንጨቱ ለእኔ ነገረኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ለግንብ አልሆነም» አልኩ። «እዚያ ተዳፋቱ ላይ እርከን እንስራበት ተብሎ ነው። አፈሩ እየታጠበ ነው።»

«እርከን?» አለ። «እርከን ጥሩ ነው። እሱንም ሪፖርት ውስጥ አስገባዋለሁ።»

ካልን በኋላ መስራት ነበረብን። አባ ጉልበት የማይደርስ ሶስት አጭር እርከን ሰሩ፣ አንዱ ካንዱ በታች፣ ድንጋዩን በእጃቸው እያሻሹ። ለግንቡ እንዲህ ተጠንቅቀው አያውቁም። ክረምቱ መጥቶ ሄደ፣ አንድ ድንጋይ አልተነቃነቀም።

ስንጨርስ አባ ጠሩኝ። «ቁመቱ የሚገጥምህ ሌላ ልጅ መጥቷል። ልቀይርህ?»

«ይቀይሩኝ።»

ቀየሩኝ። ይቅር በለው አላሉኝም፣ ሲስተርም አላለችኝም። ብለውኝ ቢሆን በማግስቱ አልመጣም ነበር። እሱ ግንቡ እስኪያልቅ ከሌላ ሰው ጋር ሰራ፣ አሁን ሂርና ጫት ይጭናል አሉ። ሰላም ተባብለን አናውቅም።

እናቴ ሐሙስ ሐሙስ እርከኑ ጋ ትሄዳለች። ጥያቄዋ ግን አልቆመም፣ ሌላ ሆነ። አሁን የምትጠይቀው በዚያው ሰሞን ልጇ የተወሰደባት እናት ታውቃላችሁ ወይ ብላ ነው። ሲስተር ጤና ጣቢያ ካርድ አውጥተው የሚመጡትን ሴቶች እየጠየቀች፣ አባ በመቻራ ዘመዶቻቸው በኩል እያፈላለጉ ከቀሩት ሁለት እናቶች አንዷን አገኙ። እናቴ ራሷ እጇን ይዛ ወሰደቻት። ሶስተኛዋን እስካሁን አላገኘናትም። በገበያ ቀን አብሬያት እዞራለሁ። ዝም የሚላትን ሰው አሁን አልሰድብም። አንዳንዴ እሰድባለሁ።