በነጠላ ጫፍ የተቋጠረው

እማሆይ መሰለች ሰው ማመን የተዉት ገና ፋብሪካ ሳሉ ነው። አቃቂ፣ ከጨርቅ ፋብሪካው ፍተሻ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ቆመው፣ ከሥሩ መብራት በበራበት መስተዋት ላይ የሚያልፍ አቡጀዲ ሲያዩ ኖሩ። እዚያ ሥራ ላይ ደህናውን ጨርቅ የሚያየው የለም፤ ደህናው ራሱ ያልፋል። የሚፈለገው የተበጠሰው ድር፣ የዘይቱ ጠብታ፣ የሳሳው ቦታ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ነውር ሲፈልግ የኖረ ዓይን ደግሞ ጡረታ ወጣ ተብሎ አያርፍም። ጎረቤት ሰላም ሲላቸው እንኳ፣ ዛሬ ምን ፈልጎ ነው እያሉ ከኋላው ያዩት ነበር።

ጡረታ የወጡት ኢሕአዴግ በገባ በስድስተኛው ዓመት ነው። ባላቸው አቶ ቀናው፣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ የነበሩት፣ ቀደም ብለው አርፈዋል። ልጅ አልሰጣቸውም። ቆብ ጫኑና ከፋብሪካው ጀርባ ባለው ደብር የመገበሪያ ስንዴ ለቃሚ ሆኑ። ያ ለቅዳሴው ኅብስት የሚሆነው ስንዴ ነው። ረቡዕና ዓርብ ከቤተ ልሔሙ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ቃል ሳይተነፍሱ፣ አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ዓርብ ሲጨርሱ የከረጢቱን አፍ ያስሩና ክፍሏን ቆልፈው ቁልፉን ከማዕተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ቅዳሜ ጠዋት ዲያቆናቱ መጥተው ይረከቧቸዋል።

አንድ ጊዜ ቃሊቲ መጋዘን ያለው ሰው፣ መኪናው ተገልብጦ ስለተረፈ፣ ለስለቱ አንድ ኩንታል ስንዴ አምጥቶ አራገፈ። እማሆይ እጃቸውን ሰደድ ቢያደርጉ ነቀዝ። አስጭነው መለሱት። ቄሰ ገበዙ አባ ሰይፈሥላሴ፣ የደብሩን ንብረት የሚጠብቁት፣ ሮጠው መጡ።

«እማሆይ፣ ስለት እኮ ነው። ከመሐሉ ደህና ደህናውን መርጠን…»

«አባ፣ ዕውር በግ፣ አንካሳ በግ አታምጡብኝ ያለው ተሽሮ ከሆነ ይንገሩኝ።»

«አልተሻረም።»

«እንግዲያው እሱ አልተለወጠም። መንግሥት ሲለወጥ አይቻለሁ፣ ጃንሆይም ሄዱ፣ ደርግም ሄደ። እሱ ግን ያኔ ቅዱስ ነበር፣ ዛሬም ቅዱስ ነው። የነቀዘ ለዶሮው ይስጥ።»

ይኼ ነገር በደብሩ ሲወራ ኖረ። በኋላ የአንድ ለአምስቱ አደረጃጀት ሲመጣ፣ የወረዳ ሰዎች ዝናቸውን ሰምተው ቤታቸው ድረስ ሄዱ። «እማሆይ፣ እርስዎ ሁሉን ያያሉ፤ የመንደሩን ቡድን ይምሩልን» ቢሏቸው፣ «እኔ የማየው ለአንድ ጌታ ነው፤ እሱ ደግሞ ሪፖርት ጠይቆኝ አያውቅም» ብለው ሸኟቸው።

ዳሲቱን ያመጧት ቄሰ ገበዙ ናቸው። እሷና ባሏ ጉተማ ገላን በኩል የነበራቸው መሬት ለኮንዶሚኒየሙ ሲወሰድ፣ እሱ በዓመቱ በሕመም ሞተባትና ወደ አቃቂ ገባች። አርባን ያለፈች፣ እጇ ሰፊ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ነበረች። ውኃ ትቀዳለች፣ ሰፌድ ታጥባለች፣ ክፍሏን ትጠርጋለች። እማሆይ ገና የመጀመሪያውን ቀን ልክ እንደ አቡጀዲ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ነውር አላገኙም። ይኼው ራሱ አላማራቸውም።

የሚያጠራጥር ነገር የታየው በ2006 ዓመተ ምሕረት፣ በጽጌ ጾም ነው። እማሆይ ከረጢቱን የሚያስሩት ፋብሪካ በተማሩት ቋጠሮ ነበር። የተበጠሰ ድር ሲቀጠል የሚታሰር፣ ትንሽ፣ ጥብቅ ያለ ቋጠሮ ነው፤ ሌላ ሰው ፈትቶ መልሶ ሊያስረው አይችልም። ከረጢቱን ሁልጊዜ ዲያቆናቱ ራሳቸው ያነሡት ነበር፤ አንድ ቅዳሜ ግን ሊያስረክቡ እሳቸው ሲያነሡ፣ ጣታቸው ሌላ ቋጠሮ አገኘ። ወፍራም ነው፣ ገበሬ ለአውድማ ጆንያ የሚያስረው ዓይነት።

ክፍሏ ሁለት ቁልፍ ነው ያላት። አንዱ እሳቸው አንገት ላይ ነው፤ ሁለተኛው ቄሰ ገበዙ ዘንድ። በሚቀጥለው ዓርብ ቆልፈው ከወጡ በኋላ፣ በቅጥሩ በር ላይ ቆመው ዳሲቱን እስክትወጣ ጠበቋት። የነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሯል። የተቋጠረው ነገር እፍኝ ያህላል።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ምንም አይደለም፣ እማሆይ።»

«ምንም የሚቋጠር ሆነ?»

ፈገግ ብላ አቀርቅራ ሄደች። ፈገግታዋ እማሆይን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳቸው። መሬቷን የተቀማች ሴት ናት፤ ቤቷ ምን እንዳለ ማን ያውቃል። ንጹሑን ስንዴ እየወሰደች፣ በምትኩ የገበያ ስንዴ እየጨመረች ቢሆንስ? ሰው ቢርበው ይለምናል፣ የሰውም ቢሰርቅ ከሰው ይታረቃል። ይኼ ግን የመሠዊያው ነው። ቅዱሱ ፊት የሚቀርበው በእሳቸው እጅ አልፎ ነው፤ ሲጠየቁም ተጠያቂዋ እሳቸው ናቸው።

ቄሰ ገበዙን ሄደው ጠየቁ። አባ ሰይፈሥላሴ ጺማቸውን አሻሹ። «ዳሲቱ ክፉ ሴት አይደለችም፣ እማሆይ» አሉ፣ ሌላ ቦታ እያዩ።

«ቁልፍዎን ሰጥተዋታል?»

«አንዳንዴ… ለጽዳት።»

«እኔ ከሄድኩ በኋላ የሚጸዳው ምኑ ነው?»

አባ ጉዳይ አለብኝ ብለው ተነሡ። እማሆይ እንግዲህ ሁለቱንም ጠረጠሩ። ዲያቆናቱንም ጨመሩ። የክፍሏን መስኮት እንኳ ጠረጠሩት፤ አዲሱ የባቡር ሐዲድ ሲቆፈር የሚነሣው አቧራ መስተዋቱን አደብዝዞት፣ ሰፌዱ ላይ ያለው ሁሉ እንደ ጉም ይሆንባቸው ነበር። «መስኮቱን ጥረጊው ብዬሽ አልነበረም?» ሲሏት ዳሲቱ ትነሣና ትጠርጋለች፤ እሳቸው ግን ያው ጉም ነው የሚታያቸው። ሆን ብላ በቆሻሻ ጨርቅ ነው የምትጠርገው አሉ።

በኅዳር መጀመሪያ፣ አንድ ዓርብ፣ ከረጢቱን አስረው ክፍሏን ቆለፉና «በይ ደኅና ዋዪ፣ ወገቤን አሞኛል» ብለዋት ሄዱ። በሩ ላይ ተሳልመው ወጡ። ከዚያ በመቃብሩ በኩል ዞረው ተመለሱ። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። ከጽዱ ሥር ጥቂት ቆይተው መስኮቱ ጋ ተጠጉ። የታያቸው ጥላ ነው። የተቀመጠች ሴት፣ ጭኗ ላይ ክብ ነገር፣ እጇ ከክቡ ወደ ነጠላዋ፣ ከነጠላዋ ወደ ክቡ።

ያዝኩሽ አሉ በልባቸው። ወደ በሩ ዞረው ገቡ።

«ዳሲቱ።»

ሰፌዱ ከጭኗ ሊወድቅ ሲል ያዘችው። «እማሆይ። ሄደዋል ብዬ እኮ ነው።»

«እንደሱ እንዳልሽማ አውቃለሁ። ነጠላሽን ፍቺው።»

«ቆሻሻ ነው።»

«ይኼን ሁሉ ጊዜ ቆሻሻ በነጠላ ተሸክመሽ ቤትሽ ትወስጃለሽ? ፍቺው።»

«ይቅርብዎት፣ በእመቤቴ።»

«የእመቤቴን ስም ተይና ፍቺው።»

ፈታችና እጃቸው ላይ ገለበጠችው። እማሆይ የጠበቁት ስንዴ ነበር። መዳፋቸው ላይ የወረደው ግን ይጎረብጣል። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ አልለየላቸውም። በአውራ ጣታቸው አሹት። ጠጠር። ሌላ ጠጠር። እንክርዳድ። የአይጥ ኩስ መሆን አለበት፣ አንድ ነገር ጣታቸው መሐል ፍርፍር አለ።

«ይኼን ከየት አመጣሽው?»

ዳሲቱ የነጠላዋን ጫፍ አራገፈች።

«ከየት አመጣሽው ስልሽ።»

«እርስዎ ለቅመው ከጨረሱት ነው፣ እማሆይ።»

«ውሸታም።»

«እሺ።»

«እሺ ማለት ምንድን ነው? ውሸታም ስልሽ እሺ ትያለሽ?»

«ታላቄ ነዎት፤ ምን ልበል?»

ከዚያ ከከረጢቱ፣ ገና እጇ ካልደረሰበት ስንዴ፣ አንድ እፍኝ ቀዳችና ሰፌዱ ላይ በተነችው። «እስቲ ይዩት» አለች። አዩት። ንጹሕ ነው አሉ። ዳሲቱ ጣታቸውን ቀስ ብላ ያዘችና አንድ ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ጠጠር ነው። ሌላ ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ነጠቋት።

ድምፅ ሰምተው ቄሰ ገበዙ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ያውቁ ነበር፣ አባ?»

«አውቅ ነበር። ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ። በቋጠሮው እንደሚያውቁባት ነግራኝ ነበር፤ ግዴለም አልኳት። ዕድሜ ነው፣ እማሆይ፤ ዓይንዎ ላይ ሞራ ወርዷል። እንዳያዝኑ ብለን ነው። መገበሪያውም ንጹሕ ሆኖ ነው የሚገባው። ምን ጎደለ?»

«ስታጠራ የኖረችው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከፍልሰታ ጀምሮ» አለች ዳሲቱ።

«ከፍልሰታ በፊትስ?»

ቄሰ ገበዙ ወደ ዳሲቱ አዩ፣ እሷ ወደ ሰፌዱ። ዳሲቱ ዱካውን አስጠጋችላቸውና ተቀመጡ።

«ስንት እሑድ ነው እንግዲህ?» አሉ፣ ለራሳቸው ይመስል። «ዕውር በግ አልቀበልም ላለ ጌታ፣ ዕውር ለቃሚ ሆኜ ስንት እሑድ አቀረብኩለት?»

«እሱ መሐሪ ነው፣ እማሆይ። ሳያውቁ ነው።»

«ምሕረቱን መች ካድኩ፣ አባ። ምሕረቱን ይዤ ትእዛዙን ልጣለው? ያን የመጋዘን ጌታ ኩንታሉን አስጭኜ የመለስኩት እሱ አይለወጥም ብዬ ነው። ለዚያ ሰው ያልተለወጠ ለእኔ ይለወጥ? እናንተም ለእኔ ስታዝኑ እሱን መፍራት ረሳችሁ።»

ቄሰ ገበዙ አንገታቸውን ደፉ። እማሆይ ማዕተባቸውን በእጃቸው ዳብሰው ቁልፉን ፈቱና ዘረጉ፤ ለቄሱ አይደለም፣ ለዳሲቱ።

«ይኼማ ለእኔ አይገባም» አለች ዳሲቱ።

«አይገባሽም። ለእኔም አይገባኝም ነበር። ያዢው።»

የዚያን ቀን ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ባጃጅ አልያዙም፤ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው በእግራቸው ሄዱ። በራቸው ላይ ደርሰው የቁልፉን ቀዳዳ በጣታቸው ዳብሰው ሲያገኙት፣ ቆም አሉ። ለካ እንዲህ እየዳበሱ መክፈት ከጀመሩ ቆይተዋል። ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ሊያስታውሱ ሞከሩ፤ ያለፈው ጥምቀት ነው? ያለፈው ፋሲካ? የሰውን ሁሉ ነጠላ ሲያዩ፣ የገዛ እጃቸው ምን እያደረገ እንደሆነ አላዩትም ነበር።

ለንስሐ አባታቸው ተናገሩ፤ ስግደትና ጾም ተሰጣቸው። ቄሰ ገበዙም መጥተው እንደ እሳቸው ሰገዱ፤ ስለ እኔ ዝምታ ነው አሉ። ለዓይናቸው ሐኪም ቤት ወረፋ ተያዘላቸው፤ ወረፋው ረጅም ነበር።

ቀኖናቸውን በጨረሱ በሳምንቱ፣ ዓርብ፣ እማሆይ መጡ። አፋቸውን ሸፍነው ዱካው ላይ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሰፌድ አልነኩም። ዳሲቱ ብቻዋን ለቀመች። መስኮቱ ንጹሕ ነበር፤ ድሮም ንጹሕ ነበር። ስንዴው በጣቷ ሲገፋ የሚያሰማውን ድምፅ እያዳመጡ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዳሲቱ ከረጢቱን ሞላችና በዚያ ወፍራም የገበሬ ቋጠሮዋ ልታስር ስትል፣

«ቆይ» አሉ እማሆይ። «ወዲህ አምጪው።»

«አያምኑኝም እንዴ?»

«አላምንሽም። ራሴንም አላምንም።»

ዳሲቱ ከነጠላዋ ሥር ሳቀች። ከረጢቱን እግራቸው ሥር አስቀመጠችላቸው። እማሆይ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው እጃቸውን ከተቱ። ዓይናቸውን ጨፈኑት፤ ቢከፍቱትም ያው ነበር። ጣታቸው ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ጎን፣ ፋብሪካ ሳሉ ጨርቁን በመዳፋቸው እንደሚዳብሱት ሄደ። ብዙ ቆዩ። ከከረጢቱ ሥር፣ ጥጉ ላይ፣ ጣታቸው ቆመ።

እጃቸውን አወጡና በሁለት ጣታቸው የያዙትን የዳሲቱ መዳፍ ላይ ጣል አደረጉላት። ከሰሊጥ የማይበልጥ ጠጠር ነበር።

ዳሲቱ አየችው። በሩን አየች፣ ፀሐዩ ወርዷል፤ ወገቧን ያዘች። ከዚያ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ከረጢቱን ከሥሩ ይዛ ገለበጠችው።