የሌላ ሰው አያት የሚሰርቅ የለም

ኮምቦልቻ ካለው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ መደርደሪያ አለ፤ እንጀራዬ የተንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው። የወሎ ሰዎች በራሳቸው ገንዘብ አሳትመው፣ ለዘመድ አድለው፣ ከዚያ የተረሱ መጻሕፍት የተደረደሩበት ነው። ደሴ ብትፈልጋቸው የሉም፤ አዲስ አበባማ ስማቸውንም አልሰማችም። ስለ ወሎ ሽማግሌዎች መጽሐፍ እየጻፍኩ ስለሆነ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ የምወርደው ለእነሱ ብዬ ነው፤ ከፊት ወንበር ጋር ሲጋጭ የሚውለው ጉልበቴ ምስክር ነው።

ያን ቀን የወረድኩት ለአንዲት ቀጭን መጽሐፍ ነበር። አንድ ጡረተኛ መምህር የቃሉ ወረዳን አስታራቂ ሽማግሌዎች በየገጹ አንድ አንድ እያደረጉ የጻፉባት ናት። አያቴም እንዳሉባት ሰምቼ፣ ደሴ ላይ ለወዳጅ ዘመድ ጉራዬን ስነፋ ከርሜያለሁ። ገልጬ ብደርስ ገጹ የለም። በምላጭ ተቆርጧል።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጡረታቸው የደረሰ፣ ሰው የሚያዩት በመነጽራቸው አናት የሆነ እናት ናቸው። ሄጄ አሳየኋቸው።

«የማን ገጽ ነው?» አሉ።

«የአያቴ።»

«እንግዲያው ሌባው ከቤታችሁ ነው።»

«እንዴት ሆኖ፣ እትዬ?»

«ልጄ፣ ይቺን መጽሐፍ እንዲህ ያከሳት የየቤቱ ልጅ ነው። የሌላ ሰው አያት የሚሰርቅ የለም። ወላሂ፣ ገጹ ካልተመለሰ ከዚህ መደርደሪያ አንዲት መጽሐፍ አታነሳም።»

ደነገጥኩ። ያለዚያ መደርደሪያ መጽሐፌ አለቀለት። ከቤተሰቡ ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ብቻ ስለሆነች በቀጥታ ወደ እሷ ሄድኩ።

አክስቴ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት፤ ውሸት አታውቅም። ስጠይቃት ምንም ሳታቅማማ መጽሐፍ ቅዱሷን ገለጠችና ገጹን አሳየችኝ።

«አክስቴ፣ የተሰረቀ ነገር እዚህ ውስጥ?»

«አልሰረቅኩም። አባቴን ነው የወሰድኩት።»

አልሰጥም አለች። እኔም ስለ ታሪክ፣ ስለ ትውልድ፣ ስለ ሕዝብ ንብረት፣ ስለ መደርደሪያው ማስረዳት ጀመርኩ። ምሳ ቀረበ፣ ምሳ ተነሳ፣ እኔ አልተነሳሁም። በመጨረሻ ገጹን እጄ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ውሰድና ዝም በልልኝ፤ ራሴን አመመኝ» አለች።

መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ሰው ሁሉ ገጽ የሚቆርጠው በኩራት ነው፤ የእኛ ቤት ግን በእፍረት ነው ለካ። መምህሩ እንደጻፉት አያቴ ያላበረዱት ጠብ አልነበረም፤ ንግግራቸው ከመርዘሙ የተነሳ ባላጋራዎቹ ከሩቅ ሲያዩዋቸው፣ ገና ሳይደርሱ ይታረቁ ነበር።

ለጉራዬ አዘንኩ። ያን ሁሉ ሰው አሁን ምን እለዋለሁ? ግን መደርደሪያው ይበልጥብኛል ብዬ ተመለስኩ።

ገጹን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ የአክስቴን ነገር ማስረዳት ያዝኩ። «ክፋት አይደለም፣ እትዬ፤ መጀመሪያ አክስቴ እንዴት እንዳደገች ቢያውቁ...» እሳቸው ገጹን ያነባሉ፤ እኔ እናገራለሁ። ከልጅነቷ ወደ ትዳሯ ልሻገር ስል ቀና ብለው አዩኝ። ሳቅ ይተናነቃቸዋል።

መጽሐፏን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና፣ «በቃ ልጄ፤ ታርቀናል» አሉ።

እኔ ገና መግቢያው ላይ ነበርኩ።